የመምህር አላምረው የቮልስ ወንበር

የበደለኝ ሰው ጌታሁን ይባላል፤ ቢቸና ላይ የጋራዥ ባለቤት ነው። የበደለኝ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በኅዳር ወር ነው። አምስት ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ «ወንበሩን የሠራችው እትዬ የሻረግ ናት፤ እኔ አንዲት ቡሎን አልነካሁም» አለ። የተናገረው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የሰሙት ብዙ ናቸው። ውሸት መሆኑን ከምናውቀው ውስጥ ግን አፍ አውጥቼ የተናገርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ዘንድሮ ሥራ አቆምኩ። ጥቁር ክር በጥቁር ሌዘር ላይ አልታይ አለኝ፤ በዳበሳ ልስፋ ብል መርፌው ሌዘሩን ትቶ ጣቴን ማግኘት ጀመረ። አርባ ዓመት ያህል የመኪና ወንበር ስሠራ ኖሬ፣ አሁን በቃኝ ብዬ ቤቴ ልቀመጥ ነበር። ባለፈው ወር ግን እዚሁ ሞጣ ሰርግ ተጠራሁ። ሙሽሮቹ የመጡት በመምህር አላምረው ነጭ ቮልስ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ፣ ወደ መኪናዋ በአገጩ እያመለከተ ወሬ ጀመረ።

«እትዬ፣ የዚችን መኪና የሹፌር ወንበር አይተውታል?»

«ምን ሆነ?»

«ጉድ እኮ ነው! ግራው ከቀኙ ያጥራል። እግሩ ለማይታጠፍ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው። ቢቸና ያለው ባለጋራዡ ጌታሁን ነው አሉ የሠራው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ራሱ ጌታሁን ነዋ!»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሲሰበር የእኔ የነበረ ወንበር፣ ሲመሰገን የእሱ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ እኔም ከመጀመሪያው ልናገር።

ሥራውን የተማርኩት እዚህ ሞጣ፣ ከአያ ፈንቴ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ እጃቸው ላይ ለምን እንደወደቅሁ የራሴ ጉዳይ ነው። አያ ፈንቴ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። በቅሎ እየቀነሰ መኪና እየበዛ ሲሄድ፣ «የሰው መቀመጫ ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው እንስሳ ነው የተለወጠው» ብለው ወደ መኪና ወንበር ዞሩ። ሴት ተማሪ መያዛቸውን ሰው ሲያማቸው፣ «እኔ የምፈልገው የሚሰፋ እጅ ነው፤ የማንም ይሁን» ብለው ዘጉት።

አያ ፈንቴ ሜትር አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም አያምኑትም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ክር ነበራቸው። የጭኑን ርዝመት፣ የጀርባውን ቁመት፣ የዳሌውን ስፋት በቋጠሮ ይይዙታል። ክሩን ግን ቶሎ አያወጡም። መጀመሪያ ሰውየውን ዱካ በምትባለው አጭር በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አማቱ ይጠይቁታል። ሰውየው ቸኩሎ «አያ፣ አትለኩኝም እንዴ?» ሲል፣ «ቆይ፣ ገና አልተቀመጥክም» ይሉታል። ተቀምጧል እኮ! እኔ ይገርመኝ ነበር። በኋላ ሲነግሩኝ፣ «ሰው እንደተቀመጠ ይዋሻል፤ ጀርባውን ያቀናል፣ ሆዱን ይስባል። እውነተኛ አቀማመጡን የሚቀመጠው ሲሰለቸው ነው» አሉኝ። ሰውየው ተሰላችቶ ትከሻው ሲወርድ ያኔ ክሩ ይወጣል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሠርቼ የጨረስኩት ወንበር ላይ እኔኑ አስቀምጠው እስከ ምሳ ድረስ ሌላ ሥራ ያሰፉኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ወገቤን ይዤ ከተነሳሁ ወንበሩ ይፈርሳል። ሳልይዝ ከተነሳሁ ይሄዳል። ምስጋና የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም ነበር፤ «ይሄዳል» ካሉ እሱ ነው።

ሦስተኛው ልማዳቸው ዕዳዬ ሆነ። ጋላቢን ሲለኩ ከነጋቢው ነበር። «ሰውየው በቅሎ ላይ የሚወጣው ጋቢውን ለብሶ ነው፤ ራቁቱን ለክተሽ ለለበሰ ሰው አትሠሪም» ይሉ ነበር። ልክ ናቸው። ለኮርቻ ልክ ናቸው።

አያ ፈንቴ ካረፉ በኋላ ደጀን ሁለት ዓመት በአንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ሠራሁ። አለቃው ሴት መዶሻ ይዛ ማየት ስለማይወድ ሥራ የሚያዘኝ ፊቱን አዙሮ ነበር። ደመወዙም እንደ ፊቱ ነበር። ከዚያ ቢቸና፣ የጌታሁን አባት ጋራዥ ገባሁ። ሽማግሌው ደግ ሰው ነበሩ፤ ሥራዬን አይነኩብኝም። እሳቸው ሲሞቱ ልጃቸው ጌታሁን ተረከበው። ጌታሁን ሰነፍ አይደለም፤ በዚህ አላማውም። ብየዳ ይችላል። የማይችለው መጠበቅ ነው። መኪና ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሌሊት ካደረ ሆዱን ያመዋል።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ክረምቱ ሲወጣ መምህር አላምረው ከሞጣ ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ከቁመታቸው የተነሳ በክፍል በር ጎንበስ ብለው ይገቡ ነበር ይባላል። መኪናዋ ከእሳቸው በፊት ሁለት ባለቤት ቀብራለች። ሲነዷት ጉልበታቸው ከመሪው ግራና ቀኝ እንደ ፌንጣ ይወጣል። መሪ ባዞሩ ቁጥር ጉልበታቸውን ይመታቸዋል።

«የሻረግ፣ እኔ ይችን መኪና አልሸጥም፤ እግሬንም አልቆርጥም። ከሁለቱ ውጪ የሆነ መላ ፈልጊልኝ» አሉኝ።

መላው ይህ ነበር። የቮልስ ወንበር ወለሉ ላይ ባለ ሐዲድ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ የሐዲዱ መጨረሻ ግን ለእሳቸው አይበቃም። ስለዚህ ሐዲዱን በስድስት ጣት ወደኋላ ማስቀጠል፣ የቀጠልነው ላይ ወንበሩ የሚቆለፍበት ሦስት ቀዳዳ ማውጣት፤ ከመቀመጫው ሁለት ጣት መቀነስ፣ ከታች ያለውን የደከመ ሞላ ለውጦ ቀጭን ግን ጠንካራ ስፖንጅ ማስገባት፤ የጀርባውን ትራስ ማሳሳት። ጭናቸው ዝቅ ሲል ከመሪው ይለያል፤ ጀርባቸው ወደኋላ ሲሄድ ጉልበታቸው ይፈታል። በወረቀት ላይ ሥዬ ለጌታሁን ሰጠሁት። ሐዲዱ የእሱ ሥራ ነው፤ ወንበሩ የእኔ።

መምህሩን ዱካ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኋቸው። ሲሰለቻቸውና ትከሻቸው ሲወርድ ክሬን አወጣሁ። ብርድ ነበር፤ ጋቢያቸውን ለአራት አጥፈው ደርበዋል፤ ከጀርባቸው አራት ጣት ያህል ተቆልሏል። እንዲያወልቁ አልጠየቅሁም። አንድም አያ ፈንቴ ያስተማሩኝ ከነጋቢው ነው። ሌላም በእኛ አገር ሴት ትልቅ ሰውን «ጋቢዎን ያውልቁ» አትልም። ለካሁ። ቋጠርኩ። ያ ቋጠሮ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ሄድኩ። ስመለስ ወንበሩ መኪናዋ ውስጥ ገብቷል። ወዘወዝኩት፤ አይነቃነቅም። መቆለፊያውን ጎተትኩ፤ አይንሸራተትም። ጎንበስ ብዬ ሳይ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ በአራት ቦታ ከሐዲዱ ጋር ተበይዷል።

«ጌታሁን፣ ምን አደረግህ?»

«መቆለፊያው አልይዝ አለ፤ ጨረስኩት።»

«ወንበር እኮ መንሸራተት አለበት!»

«ለምን? ሰውየው ረጅም ነው። ረጅም ሰው ነገ አያጥር።»

እዚያ የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ። እኔም ክሬን አምኜው ነበር፤ ልኩ ልክ ከሆነ መንሸራተቱ ምን ይጠቅማል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከወንበሩ ሥር ብየዳው እንዳይታይ ቀሚስ የሚመስል ሌዘር ዙሪያውን ሰፋሁለት። አሳምሬ ሰፋሁት። ይህም የእኔ ነው።

መምህሩ መጥተው ሲቀመጡ ፊታቸው በራ። ከቢቸና ሞጣ ነድተው ገቡ። ሰባት ሳምንት ነዱ። አንድም ቀን ቅር አላላቸውም፤ ምክንያቱም ሞጣ ብርድ ነው፤ ጋቢያቸው አይለያቸውም።

ከዚያ ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ተነሱ። ደጀንን አልፈው የዓባይን ቁልቁለት ሲጀምሩ ሙቀቱ ከታች ተነሳ። ማንም ሰው እዚያ ሲደርስ እንደሚያደርገው ቆም አሉና ጋቢያቸውን አውልቀው ኋላ ወንበር ላይ ጣሉት። ቀጠሉ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲረግጡ እግራቸው ደረሰ፤ ግን በጣቱ ጫፍ። ከላይ ጀምሮ የተረገጠው ፍሬን ግሎ መርገጫው ወደታች እየሄደ ነው፤ እሱን ተከትለው እስከ መጨረሻው ለመርገጥ አራት ጣት ጎደላቸው። ወንበሩን ወደፊት ሊስቡ እጃቸውን ሰደዱ። አይመጣም። መሪውን ከገደሉ መልሰው በተራራው በኩል ቦዩ ውስጥ ከተቷት። ሕይወታቸው ተረፈ። ግራ ጉልበታቸው ተሰባበረ።

ይህን የነገሩኝ በኋላ፣ ሞጣ ተኝተው ሳሉ ልጠይቃቸው ስሄድ ነው። ሲነግሩኝ «ኮርቻ ፍሬን የለውም» የሚለው ቃል በጭንቅላቴ ውስጥ ብቻውን ይመላለስ ጀመር። አያ ፈንቴ አልተሳሳቱም። የበቅሎ ጋላቢ ጋቢውን ቢያወልቅ ምንም አይሆንም። እኔ ነኝ የኮርቻን ሕግ መኪና ላይ የጫንኩት።

የመምህሩ ወንድም ሽማግሌ ላከ። ጌታሁን ከሽማግሌዎቹ ቀን በፊት መኪናዋን ከደጀን አስጭኖ አመጣት። እኔ አልተጠራሁም። በቀኑ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ የጋቢውን ነገር አንድም ሳልሸሽግ ተናገርኩ። ከዚያ «ወንበሩ ተበይዶ ነበር፤ መንሸራተት ቢችል ኖሮ ወደፊት ስበው ይድኑ ነበር» አልኩ። ያኔ ነው ጌታሁን «አንዲት ቡሎን አልነካሁም» ያለው።

«ታዲያ ይታይ» አልኩ። «ቀሚሱን ግለጡና እዩ።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ሌዘሩን ገለጡ።

«ምን ብየዳ አለ? ይኸው ቡሎን ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብየዳው ተፈጭቷል። በቦታው አራት ቡሎን ገብቷል፤ የሚያብለጨልጭ፣ አዲስ፣ ግሪስ እንኳ ያልነካው። ብየዳ የእሱ ሥራ ነው፤ ቡሎን ግን እኔም ማሰር እችላለሁ።

«አዲስ እኮ ነው! የተጋጨ መኪና ላይ አዲስ ቡሎን ከየት መጣ?»

«ልጄ፣» አሉኝ አለቃው፣ «ቡሎን አዲስ ቢሆን ምን ኃጢአት አለበት?»

ሰው ሳቀ። ጌታሁን አልሳቀም፤ እሱም ብየዳውን ያዩት ሠራተኞቹም መሬት መሬት ያዩ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ «እሷ ራሷ አምናለች፤ ሌላውን ምን ያስጨንቀናል?» አሉ። እውነት መናገሬ ነው የጎዳኝ። ብዋሽ ኖሮ ውሸት ለውሸት እኩል እንቆም ነበር።

የፈረዱት፣ የሻረግ ድንጋይ ተሸክማ መምህሩን ይቅርታ ትጠይቅ ብለው ነው። ሞጣ ሄድን። መምህሩ እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ግቢያቸው ውስጥ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ በራቸው ላይ ጎንበስ አልኩ። ጌታሁን ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሟል፤ ነጭ ነጠላ ለብሷል። ለእርቅ የመጣ እንጂ የበደለ ሰው አይመስልም።

መምህሩ እንዳዩኝ ጮኹ። «አውርዱላት! ምንድን ነው ይሄ? አውርዱላት ብያለሁ!»

አወረዱልኝ። ተባረክን፤ ተበላ፤ ተጠጣ። እኔ አልቀመስኩም። በማግሥቱ የስፌት መኪናዬን ከጋራዡ አውጥቼ ቢቸና ቤቴ አስገባሁ። ሶፋና ፍራሽ ስሰፋ ቆየሁ። የመኪና ወንበር ለማንም አልሠራም አልኩ። የሚጠይቀኝም አልነበረም፤ «የመምህሩን እግር የሰበረችው» ነበር ስሜ። ጓሮ ለጓሮ የምንነጋገር ጎረቤቴ እንኳ የሶፋዋን ልብስ ስትሰጠኝ «እትዬ፣ ይሄ እንኳ ፍሬን የለውም» ብላ ቀልዳብኛለች። ልብሱን መለስኩላት።

ዘጠኝ ወር እንዳለፈ መምህሩ ሰው ላኩብኝ። አልሄድኩም። ደገሙ። አልሄድኩም። በሦስተኛው ራሳቸው በአውቶቡስ መጡ፤ ግራ እግራቸው እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ፣ የአውቶቡሱን መተላለፊያ ዘግቶ። ደጄ ላይ ቆመው፣

«የሻረግ፣ ወንበር ሥሪልኝ» አሉ።

«መምህር፣ ይተዉኝ። አንዴ ሰብሬዎታለሁ።»

«የተሰበርኩት እኔ ነኝ! አንቺ ምን ሆንሽ? እኔ ነድቼ እሞታለሁ ስል አንቺ ቁጭ ብለሽ ፍራሽ ትሰፊያለሽ?»

«ጌታሁን ይሥራልዎት።»

«ጌታሁን ሲጠጋኝ ጉልበቴን ያመኛል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚያ ቁልቁለት ላይ ወንበሩን ስስብ እጄ ምን እንደነካ አውቃለሁ። ብየዳ ነው። ቡሎን አይደለም። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ አልጠየቁኝም፤ እኔም ሕመሜን እንጂ ሌላ ነገር አላስብም ነበር» አሉኝ።

አሁን ማን አይናደድም? ዘጠኝ ወር! ዘጠኝ ወር ሙሉ ያን ቃል ይዘው ተጋድመው ነበር። ተናደድኩ፤ ነገርኳቸውም። «ልክ ነሽ» አሉ፤ ከደጄ ግን አልሄዱም። በመጨረሻ አብሬያቸው ሞጣ ሄድኩ።

የዚህኛው ወንበር ችግር ከፊተኛው የከፋ ነው። ግራ እግራቸው ስለማይታጠፍ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ወንበሩ በጣም ወደኋላ መሄድ አለበት። ወንበሩ ወደኋላ ሲሄድ ደግሞ ቀኝ እግራቸው ከፍሬኑ ይርቃል። ግራው ሂድ ይላል፤ ቀኙ ና ይላል። ሁለት ቀን መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከመርገጫዎቹ ጋር ስጣላ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አያ ፈንቴ ለአንድ አንካሳ ሰውዬ የሠሩት ኮርቻ ትዝ አለኝ። የአንዱን ጎን ክንፍ አሳጥረው የሰውየውን እግር ወደታች ለቀቁለት። እኔ ኮርቻው ተበላሸ ብዬ ስስቅ፣ «አንካሳው ሰውየው ነው፤ ኮርቻው አብሮት ካላነከሰ ይጥለዋል» አሉኝ።

መቀመጫውን በግራ በኩል ከፊቱ አምስት ጣት ቆረጥኩ። የማይታጠፈው ጭን ሳይደገፍ ዝቅ ብሎ ቀጥ እንዲል ጠርዙን አሳስቼ አዞርኩት። ቀኙን ሙሉ ተውኩት፤ እንዲያውም ከፊቱ ጥቂት ከፍ አደረግሁት። ያኔ ግራው እግር ራሱ ወደታች ስለወረደ ወንበሩ ያን ያህል መራቅ አላስፈለገውም። የቀረውን ርቀት ሞጣ ያለው በያጅ ሐሰን ጨረሰው፤ የፍሬኑና የነዳጁ መርገጫ ላይ ወፍራም ብረትና ጎማ ደርቦ ወደ ቀኝ እግራቸው አቀረበው። ሐዲዱ ተንሸራታች ነው፤ አምስት ቀዳዳ። መቆለፊያው አልይዝ ብሎ ሐሰን አራት ጊዜ አፈረሰው፤ አራት ጊዜ ሠራው። በአራተኛው ላብ በላብ ሆኖ፣

«እትዬ፣ ብበይደውስ?» አለ።

ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየሁት አላውቅም። «ቀልዴን ነው፣ ቀልዴን ነው» እያለ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ልኩን ስወስድ መምህሩን «ጋቢዎን ያውልቁ» አልኳቸው። አወለቁ። በሸሚዝ ለካሁ። በጋቢ ለካሁ። በጫማ፣ በነጠላ ጫማ፣ በባዶ እግር ለካሁ። በእያንዳንዱ ፍሬኑን እስከ ወለሉ አሥር አሥር ጊዜ አስረገጥኳቸው። «ፈተና ነው እንዴ?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ እኔ ራሴ ተቀምጬ እስከ ምሳ ሰፋሁ፤ ለእኔ እግር ባይመችም። ወገቤን አልያዝኩም።

ወደ ቢቸና ነድተን ወጣን፤ እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ጉንደ ወይን ላይ ቆመው መቆለፊያውን አንድ ቀዳዳ ወደፊት አመጡና «ይመጣል!» ብለው እንደ ሕፃን ሳቁ። ቢቸና ስንገባ የጌታሁን ጋራዥ በር ላይ ጥሩንባ ነፉ። ይለፉ አልኳቸው፤ አላለፉም። ጌታሁን ወጣ። ወንበሩን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ሐዲዱን አየ። ደንበኞቹ ከኋላው ተሰብስበዋል።

«አላልኳችሁም?» አለ ወደ እነሱ ዞሮ። «ይቺ መኪና እኛው ጋ ነው የተጀመረችው። የእኛ ሥራ ናት።»

ከመኪናው ወረድኩና ወደ ጎን ጠራሁት። መጣ።

«ብየዳውን ማን ፈጨው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ያለፈውን ነገር...»

«ማን ፈጨው?»

«እኔ ነኝ።» ዓይኔን አላየም። «ታዲያ ምን ላድርግ? ጋራዡ ይዘጋ? የአባቴን ስም ላጥፋ?»

«የእኔንስ ስም?»

«አንቺ ስም ምን ያደርግልሻል? ጋራዥ የለሽ።»

«ይህንኑ ሽማግሌዎቹ ፊት በለው።»

«አልልም።»

የሽማግሌዎቹን አለቃ ያን ቀን ከሰዓት ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። መምህሩም ስለ ብየዳው መሰከሩልኝ። ሽማግሌው ግን፣ «ልጄ፣ ነገሩ ታርቋል። የታረቀ ነገር አይቆፈርም» አሉኝ። መምህሩ ተከራከሩ፤ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የስፌት መኪናዬን አስጭኜ ሞጣ ገባሁ። ከሐሰን ብየዳ ቤት ጎን አንድ ክፍል ተከራየሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁበት። ዘንድሮ ዘጋሁት። በእነዚህ ዓመታት ጌታሁን ወንበር እንድሠራለት አራት ጊዜ ሰው ልኮብኛል፤ ሁለቴ ራሱ መጥቷል። አንዱንም አልሠራሁለትም።